የአውሮፕላን ማረፊያው የኬሚካል መጋዘን የነዋሪውና የወዛደሩም ጉዳይ ነው

የሰው ልጅ ተፈጥሮን ለፍላጎቱ ለማስገዛት ባካሄደው ረዥም ትግል የተቀዳጃቸው ድሎች ሁሉ የየራሳቸውን ዕዳ አስከትለው እንደመጡ ታሪክ ደጋግሞ አረጋግጧል። ፍሬድሪክ ኤንግልስ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ስለ ሥራና ስለ ሰው ልጅ ዕድገት ባቀረበው ጽሑፍ፣ በአልፕስ ተራሮች የሚኖሩ ኢጣሊያውያን የጥዱን ደን መንጥረው ሲጨርሱ የገዛ ምንጮቻቸውን እያደረቁ መሆናቸውን እንዳላወቁት ያነሣው ይህንኑ ለማስረዳት ነበር። ሐሳቡ ልማትን የሚቃወም አይደለም። ልማት የሚያስከትለውን ዕዳ አስቀድሞ ያላሰላ ኅብረተሰብ ዕዳውን ሳይወድ በግዱ፣ ያውም ከነወለዱ እንደሚከፍል የሚያስገነዝብ ነው።

ይህን አጠቃላይ ሐቅ ዛሬ በአንድ ተጨባጭ ጉዳይ ላይ እንመረምረዋለን። ይኸውም በአውሮፕላን ማረፊያ ቅጥር ውስጥ የሚሠሩት የነዳጅና የኬሚካል ማከማቻዎች ጉዳይ ነው። በቢሾፍቱ ከተማ አቅራቢያ በአቡሴራ የሚገነባው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ሙሉ አቅሙ ላይ ሲደርስ በዓመት 100 ሚሊዮን ያህል መንገደኞችን እንዲያስተናግድ የታቀደ ግዙፍ ሥራ ነው። ስለዚህ ሥራ ሲነገር በብዛት የሚሰማው የመንደርደሪያው ርዝመት፣ የመንገደኞች አዳራሹ ስፋትና ውበት፣ የሚፈሰውም ገንዘብ ብዛት ነው። በአጥሩ ጥግ ስለሚቆሙት ታንከሮችና መጋዘኖች የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ የአካባቢው ሕዝብ ምን ዓይነት ውኃ እንደሚጠጣ የሚወሰነው ደግሞ በአዳራሹ ውበት ሳይሆን በእነዚሁ ማንም ዞር ብሎ በማያያቸው ግንባታዎች ነው።

ለመሆኑ ኬሚካልን ከአውሮፕላን ማረፊያ ጋር ምን አገናኘው? ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው ነዳጁ ነው። የጄት አውሮፕላን የሚነዳበት ፈሳሽ የላምባ ቤተሰብ ሲሆን፣ በትልልቅ የብረት ታንከሮች ተከማችቶ፣ ከመሬት በታች በተዘረጋ ቧንቧ አማካይነት እስከ አውሮፕላኑ መቆሚያ ድረስ ይገፋል። ቀጥሎ የጥገናው ክፍል አለ። እዚያ አሮጌ ቀለም የሚልጡ ማስለቀቂያዎች፣ ቅባት የሚያሟሙ ፈሳሾች፣ ዝገትን ለመከላከል የሚቀቡ ክሮምየም ያለባቸው ቀለሞች፣ ለብረት ቅብ ሥራ የሚውሉ አሲዶችና የካድሚየምና የሲያናይድ ውሁዶች ይገኛሉ። በጭነት ክፍሉ በኩል ደግሞ ከባሕር ማዶ መጥቶ ባለቤቱ እስኪያነሣው የሚጠብቅ አደገኛ ዕቃ ያድራል። በመጨረሻም ብዙ ሰው ኬሚካል ነው ብሎ የማይገምተው የእሳት አደጋ መከላከያ አረፋ አለ። ከእነዚህ መካከል ጨርሶ በአንድ ጣራ ሥር ሊያድሩ የማይገባቸው አሉ። አሲድ ከሲያናይድ ጋር ቢገናኝ ገዳይ ጋዝ ይወጣል። ለእሳት ኦክስጅን የሚሰጡ ኬሚካሎች ከሚቀጣጠል ፈሳሽ አጠገብ ከተደረደሩ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ መጋዘኑን በሙሉ ልታጠፋ ትችላለች። የኬሚካል መጋዘን ማለት እንግዲህ አራት ግድግዳና አንድ ጓጉንቸር ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ክፍል ለምን እንደተለየ፣ ወለሉ ወዴት እንደሚያዘነብል፣ የፈሰሰው ነገር የት ሄዶ እንደሚቆም በወረቀት ላይ ተሠልቶ፣ ከዚያም በሲሚንቶና በብረት የሚረጋገጥ ሥራ ነው።

ከመሬት በታች የሚሆነውን ዓይን አያየውም። በሰሜን አሜሪካ በኒው ሜክሲኮ ግዛት በአልበከርኪ ከተማ የሚገኘው የከርትላንድ አየር ኀይል ሠፈር ከከተማይቱ አውሮፕላን ማረፊያ ጋር በአንድ መንደርደሪያ የሚጠቀም ነው። ሠፈሩ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በተሠራ የነዳጅ ዲፖ ይገለገል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በመሬቱ ላይ የነዳጅ እድፍ ታየና ሲመረመር ከመሬት በታች የተቀበረው ቧንቧ ያፈስስ እንደነበረ ተደረሰበት። መቼ ማፍሰስ እንደጀመረ ግን በትክክል የሚያውቅ አልተገኘም። ለዐሥርት ዓመታት ሲንጠባጠብ የቆየው ነዳጅ ወደ 150 ሜትር ገደማ ሰርጎ የከርሰ ምድሩ ውኃ ላይ ተንሳፍፎ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። የፈሰሰው መጠን ከ6 ሚሊዮን እስከ 24 ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም እስከ 90 ሚሊዮን ሊትር ሊደርስ እንደሚችል የግዛቲቱ ባለሙያዎች ገምተዋል። ብክለቱን ተከታትሎ ለማጽዳት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል። አንድ ነጥብ እዚህ ላይ ልብ ሊባል ይገባዋል። ከታንከሩ የሚወጣውና አውሮፕላኑ የሚቀዳው ነዳጅ በየዕለቱ እየተለካ ቢወራረድ፣ ቧንቧውም በየጊዜው በግፊት ቢፈተሽ ኖሮ ይህ ሁሉ ዘመን ባላለፈ ነበር። የሚጠይቀውም የመዝገብ ሹሙን ትጋትና የመካኒኩን አንድ ቀን ሥራ ነው።

ከመሬት በላይ ወደሚገኘው ታንከር እንምጣ። በብዙ አገሮች እንደ መመዘኛ የሚሠራበት ደንብ በታንከሮቹ ዙሪያ ፈሳሽ የማያሳልፍ ወለልና የግንብ አጥር እንዲሠራ፣ ይህም ግንብ ከሁሉ የሚበልጠው ታንከር ከሚይዘው ቢያንስ 110 በመቶውን መያዝ እንዲችል ያዛል። ደንቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከውጭ የመጣን ደንብ እንደወረደ መቀበል የሚያስከትለውን ስሕተት በቁጥር እንየው። 10,000 ሜትር ኩብ የሚይዝ ታንከር በ5,000 ሜትር ካሬ ቦታ ላይ ቆሞ ሁለት ሜትር ከሃያ ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ግንብ ቢከበብ፣ ግንቡ 11,000 ሜትር ኩብ ስለሚይዝ ደንቡ በትክክል ተፈጽሟል። ትርፉ 1,000 ሜትር ኩብ ነው። አሁን ሐምሌ ገባ እንበል። በአንድ ወር 25 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ እንግዳ አይደለም። ይህ ውኃ በግንቡ ውስጥ ሳይወጣ ቢጠራቀም 1,250 ሜትር ኩብ ይሆናል። ያ በወረቀት ላይ የታየው ትርፍ በአንድ ክረምት ወር ተሟጦ አልቋል ማለት ነው። ስለሆነም የዝናቡን ውኃ የሚያስወጣ ቫልቭ ይደረጋል። ቫልቩን የሚከፍተውና የሚዘጋው የጥበቃ ወይም የዲፖ ሠራተኛ ነው። ሠራተኛው ሌሊቱን ሙሉ በዝናብ እየተደበደበ በየሰዓቱ ከመክፈትና ከመዝጋት ይልቅ ቫልቩን ከፍቶ ቢተወው የሚፈረድበት እሱ ነው ወይስ ጣራም፣ መብራትም፣ ተተኪም ሳይመድብለት ሥራውን በእሱ ጫንቃ ላይ የጣለው ነዳፊ? ቫልቩ ተከፍቶ ያደረ ግንብ ለጌጥ እንደተሠራ ይቆጠራል። የአገራችንን ክረምት ያላሰላ ንድፍ፣ ባለሙያው የቱንም ያህል ዝናኛ ቢሆን፣ ገና ያላለቀ ንድፍ ነው።

የእሳቱን ነገር ስናነሣ ደግሞ የባዝልን ትምህርት ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1986 በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ አጠገብ የሳንዶዝ ኩባንያ የኬሚካል መጋዘን በእሳት ተያያዘ። እሳት አጥፊዎቹ እንደ ወጉ ውኃ አርከፈከፉና እሳቱን አጠፉት። ውኃው ግን በመጋዘኑ የነበረውን ፀረ ተባይ መድኃኒት በቶን የሚቆጠር አጥቦ ወደ ራይን ወንዝ ገባ። የሚያጠራቅመው ገንዳ አልተሠራለትም ነበር። ወንዙ ቀላ፤ እባብ መሰሉ የወንዝ ዓሣ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ እስከ ጎረቤት አገሮች ድረስ አለቀ። እንግዲህ ጥፋቱን ያደረሰው ለማዳን የተረጨው ውኃ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ የኬሚካል መጋዘን ሲነደፍ ከሚጠየቁት ቀዳሚ ጥያቄዎች አንዱ «እሳት ቢነሣ ማጥፊያው ውኃ የት ይጠራቀማል?» የሚለው ሆኗል። ይኸው ጥያቄ በእኛም አገር ይጠየቅ።

የአውሮፕላን ማረፊያ እሳት ደግሞ በውኃ ብቻ አይጠፋም። በነዳጅ ላይ የሚዘረጋ አረፋ ያስፈልገዋል። ይህ አረፋ ለረዥም ጊዜ የተሠራው ፍሎሪን ካለባቸው፣ በጥቅሉ ፒፋስ ከሚባሉ ውሁዶች ነው። እነዚህ ውሁዶች ፀሐይም፣ ባክቴሪያም፣ ዘመንም በቀላሉ የማይበታትናቸው ናቸው። ከውኃ ጋር ይጓዛሉ፤ በዓሣና በሰው ደም ውስጥ ይጠራቀማሉ። ፒፎስ የሚባለው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2009 በስቶክሆልም ዓለም አቀፍ ስምምነት አገልግሎቱ እንዲገደብ ከተዘረዘሩት ኬሚካሎች መካከል ገብቷል። ኢትዮጵያም የዚህ ስምምነት አባል ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 በሆላንድ በስኪፖል ማረፊያ በአንድ ሀንጋር ውስጥ የእሳት ማጥፊያው መሣሪያ በስሕተት ተነሥቶ 10,000 ሊትር ያህል አረፋ ለቀቀና አካባቢው ተበከለ። እሳት አልነበረም፤ ክብሪት እንኳ አልተጫረም። በጀርመን በዱሰልዶርፍ ደግሞ ለዓመታት በልምምድና በእሳት ማጥፋት የፈሰሰው አረፋ ከማረፊያው አጥር ውጭ ያለውን የከርሰ ምድር ውኃ በከለ። በየማረፊያው የሚሠራው ዘይትና ውኃ መለያ ጉድጓድ ይህን አያግድም። ዘይት ስለሚንሳፈፍ ተለይቶ ይቀራል፤ የአረፋው ኬሚካል ግን በውኃው ውስጥ ተሟሙቶ ያልፋል። ዛሬ ፍሎሪን የሌለባቸው አረፋዎች በገበያ ላይ ስላሉና በብዙ ማረፊያዎችም ስለተተኩ፣ ከመሬት ተነሥቶ የሚሠራ አዲስ ማረፊያ ሌሎች የሚጥሉትን አሮጌ አረፋ ገዝቶ የሚያስገባበት ምክንያት የለም። በርካሽ ቀርቦልናል የሚል ነጋዴ ቢመጣ ርካሽ የሆነበት ምክንያት ይኸው እንደሆነ ሊታወቅ ይገባል።

እስካሁን ስለ ግንብና ስለ ቧንቧ ተናገርን። ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ግን ዕዳውን ማን ይከፍላል? የሚለውን መጠየቅ የግድ ነው። በሕንድ በቦፓል ከተማ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2 ለ3 ቀን 1984 አጥቢያ ሌሊት ከዩኒየን ካርባይድ ፋብሪካ ማከማቻ ታንክ 40 ቶን ያህል መርዘኛ ጋዝ ወጣ። ታንኩን ማቀዝቀዝ የሚገባው መሣሪያ ሥራ አቁሞ ነበር። የሚያመልጠውን ጋዝ ማቃጠል የነበረበት ማማ ለጥገና ተፈትቶ ነበር። እነዚህ መሣሪያዎች ከሥራ ውጭ የሆኑት ኩባንያው ወጪውን በሚቀንስበት ወቅት ነው። የሞቱት ግን ወጪው እንዲቀነስ ያዘዙት ሰዎች አይደሉም። ከፋብሪካው አጥር ማዶ በጎጆ የሠፈሩ የቀን ሠራተኞችና ልጆቻቸው ናቸው። የግዛቲቱ መንግሥት ያመነው የሟች ቁጥር ከ3,700 በላይ ሲሆን፣ ለጋዙ የተጋለጠው ሕዝብ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1989 በ470 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ጉዳዩን ዘጋ። ትርፉ የጥቂቶች፣ መርዙ የብዙኃኑ የሚሆንበት ሥርዓት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ግልጽ አድርጎ ማስረዳት አይቻልም።

ይሁንና ከዚህ ተነሥቶ «የእኛ ግንባታ የሕዝብ ሀብት ስለሆነ ይህ አያሠጋንም» ወደሚል ድምዳሜ መድረስ ከባድ ስሕተት ነው። እኛም በዚህ ዓምድ አንዳንድ ጊዜ የሳትነው እዚህ ላይ መሆኑን አንሸሽግም። በሐዋይ ደሴቶች በሬድ ሒል ተራራ ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተቀበሩት 20 ግዙፍ የነዳጅ ታንኮች ባለቤት ትርፍ የሚሻ ኩባንያ ሳይሆን የመንግሥቱ ባሕር ኀይል ነበር። ታንኮቹ ከመጠጥ ውኃው ክምችት በላይ በ30 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጡ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 አንደኛው ሲያፈስስ ማስጠንቀቂያው ተሰምቷል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ግን ነዳጁ 93,000 ያህል ሰዎች የሚጠቀሙበት የውኃ መሥመር ውስጥ ገባ። ነዋሪዎች ቧንቧቸውን ከፍተው ነዳጅ የሚሸት ውኃ ቀዱ። ዲፖው እንዲዘጋ የታዘዘው ከዚያ በኋላ በመጋቢት 2022 ነው።

በሶሻሊዝም ስም ይመራ በነበረው የቀድሞው ምሥራቅ ጀርመን የቢተርፌልድ የኬሚካል ፋብሪካዎች ሁኔታ ደግሞ ይበልጥ የሚያሳዝን ነው። ፋብሪካዎቹ የሕዝብ ንብረት ናቸው ተብሎ ታውጆ ነበር። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1982 ስለ አካባቢ ሁኔታ የሚገልጹ መረጃዎች በምሥጢር እንዲያዙ ወሰነ። በዚህ ምክንያት የፋብሪካው ባለቤት የተባለው ወዛደር የሚተነፍሰው አየር ውስጥ ምን እንዳለ፣ ከሠፈሩ በታች ያለው ውኃ ምን እንደሆነ እንዳያውቅ ተደረገ። በወረቀት ባለቤት ተብሎ መዝገቡን ገልጦ እንዳያይ የተከለከለ ሰው ባለቤት አይደለም። የባለቤትነት መለወጥ ለሕዝብ ደኅንነት በር ይከፍት ይሆናል፤ በበሩ ገብቶ ቫልቩን፣ መዝገቡንና ጉድጓዱን የሚያይ የተደራጀ ሕዝብ ከሌለ ግን አሮጌው በሽታ በአዲስ ስም ይቀጥላል።

ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። አንበጣን፣ ተምችንና የወባ ትንኝን ለመዋጋት ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በፊት ጀምሮ ወደ አገራችን የገባው ፀረ ተባይ መድኃኒት ከፊሉ በግዥ፣ ከፊሉ በእርዳታ የመጣ ነበር። ከሚያስፈልገው በላይ የመጣው፣ ወይም ጊዜው አልፎ የደረሰው፣ በየአውራጃው መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ቀረ። በርሜሎቹ ዛጉ፤ ፈሳሹ ወለሉን አልፎ አፈሩን ነካ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ድጋፍ በተካሄደው የማጽዳት ሥራ 1,500 ቶን ያህል ጊዜ ያለፈበት መድኃኒት እየታሸገ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተጓጉዞ እንዲቃጠል ተደረገ። በአገር ውስጥ ሊያቃጥለው የሚችል ምድጃ አልነበረምና! መድኃኒቱን ለማስገባት አንድ ፊርማ በቅቶት ነበር፤ ለማስወጣት ግን ዓመታት፣ የውጭ ገንዘብና የባሕር ጉዞ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 የበረሃ አንበጣ መንጋ በገባ ጊዜ የመርጫ አውሮፕላኖች እንደገና ሲሠማሩ፣ መድኃኒቱ ከማኮብኮቢያ ሜዳዎች አጠገብ እንደገና ሲከማች ይህ ትዝታ ሊረሳ አይገባውም ነበር።

ሌላም የምናውቀው ነገር አለ። በየገበያው «ጥሩ በርሜል፣ ጥሩ ጄሪካን» እየተባለ የሚሸጠው ዕቃ ከወዴት እንደመጣ የሚጠይቅ ስንቱ ነው? ፀረ ተባይ የነበረበት ጄሪካን ታጥቦ ውኃ ይቀዳበታል፤ በርሜሉ ጠላ ይጠመቅበታል። ጥፋቱ የባልቴቷ አይደለም። በጄሪካኑ ላይ ያለው ጽሑፍ በማታነበው ቋንቋ የተጻፈ ነው። ከመጋዘን የሚወጣ ባዶ ዕቃ ሁሉ ተበስቶና ተቆጥሮ ካልተወገደ የመጋዘኑ አጥር የቱንም ያህል ቢረዝም መርዙ በበሩ በኩል በሰው ትከሻ ይወጣል። የማረፊያው ጥገና ክፍል ከሚጥላቸው ባዶ ዕቃዎች አንዲቷም ወደ ገበያ እንዳትደርስ ማድረግ ዘመናዊ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ መዝገብና ቁርጠኛነት ብቻ የሚሻ ሥራ ነው።

የአቡሴራ አካባቢ የሚገኘው በስምጥ ሸለቆው ዳር፣ እሳተ ገሞራ በሠራው መሬት ላይ ነው። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ የቢሾፍቱ ሐይቅ የዚሁ እሳተ ገሞራ ልጆች ናቸው። እንዲህ ያለው መሬት በየቦታው የተሰነጣጠቀ አለትና ውኃ በቀላሉ የሚያሳልፍ ቀይ አሸዋ ይገኝበታል። የፈሰሰ ነገር በአፈሩ ላይ ተኝቶ እስኪጠረግ አይጠብቅም። ከአካባቢው የሚወርደውም ውኃ መዳረሻው የአዋሽ ተፋሰስ ነው። አዋሽ እንደ ራይን ወንዝ ባሕር አይገባም። የአዳማን ሕዝብ አጠጥቶ፣ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ አልምቶ፣ የአፋርን አርብቶ አደር ከብት አርክቶ እዚያው በአገር ውስጥ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። የማይበታተን ኬሚካል በዚህ ተፋሰስ ውስጥ አንዴ ከገባ ውቅያኖስ የሚወስድልን አይኖርም። በሰሜን አውሮፓ ዝናብና ወንዝ ላይ የተመሠረተ ስሌት ለዚህ አገር የማይበቃበት ሁለተኛው ምክንያት ይህ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ደንግጓል። በአንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ጉዳይ በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ያመለክታል። በ1995 ዓ.ም. የወጡት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማና የብክለት ቁጥጥር አዋጆች ግምገማው ግንባታው ሳይጀመር እንዲካሄድ፣ በካይ የሆነ ወገን የማጽዳቱን ወጪ እንዲሸፍን መሠረት ጥለዋል። ስለሆነም የጎደለው አንቀጽ አይደለም። ቢሮክራሲያዊው አሠራር ግምገማን እንደ አንድ ወፍራም ጥራዝ ይመለከተዋል። ጥራዙ በእንግሊዝኛ ይዘጋጃል፤ ማኅተም ይመታበታል፤ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከዚያም ሕዝቡ ተሰብስቦ ስለ ማረፊያው ጥቅም ንግግር ይደረግለትና አጨብጭቦ ሲበተን «ሕዝቡ ተወያይቷል» ተብሎ ይመዘገባል። ማጨብጨብ ውይይት አይደለም። ግምገማው በኦሮምኛና በአማርኛ ባጭሩ ተጽፎ፣ የትኛው ኬሚካል በምን ያህል መጠን የት እንደሚቀመጥ በካርታ ተመልክቶ ለነዋሪዎች ማኅበራትና ለሠራተኛ ማኅበራት ሊሰጥ ይገባል። ይህን መጠየቅ ፀረ ልማት አይደለም፤ እንዲያ ብሎ የሚፈርጅ ኃላፊ ቢኖር ስለ ልማት ያለው ግንዛቤ ራሱ ሊመረመር ይገባዋል።

የወዛደሩ ድርሻ ከነዋሪው ይለያል። እሱ ውስጥ ነው። የቫልቩን መፍሰስ፣ የበርሜሉን ማበጥ፣ የጓንቱን መቀደድ ከማንም ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አሠሪው የሥራውን አደጋ ለሠራተኛው እንዲያሳውቅና መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። እንዲህም ሆኖ በጽዳትና በጫኝና አውራጅነት በጊዜያዊነት የሚቀጠረው ወገን ከሥልጠናውም፣ ከጓንቱም፣ ከማኅበሩም ውጭ ሆኖ ሲቀር ይታያል። ኬሚካሉን በእጁ የሚነካው ግን አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። የማረፊያው ሠራተኛ ማኅበራት የኅብረት ስምምነት ሲደራደሩ ስለ ደመወዝ የሚያነሡትን ያህል የዲፖውን የዕለት ልኬት መዝገብ የማየት መብት፣ ፍሰት ያየ ሠራተኛ ሥራ የማስቆም መብት፣ ጊዜያዊውም ሠራተኛ እኩል ሥልጠና የማግኘት መብት እንዲጻፍ ቢጠይቁ ለራሳቸው ብቻ ሳይሆን ለታችኛው አዋሽ ሕዝብ በሙሉ የሚተርፍ ሥራ ሠሩ ማለት ነው።

የግንባታን መርሐ ግብር አስቀድሞ የማጠናቀቅ ፉክክር በአገራችን ብዙ መልካም ውጤት አስገኝቷል። ከመሬት በታች የሚቀበር ነገር ላይ ግን ይህ ፉክክር አደገኛ ነው። የመጋዘኑ ወለል ሥር የሚነጠፈው ውኃ የማያሳልፍ ላስቲክ መጋጠሚያው በጥንቃቄ ሳይፈተሽ ኮንክሪት ቢፈስስበት፣ ተመርቆ ሪባን ሲቆረጥ ማንም አያውቅም። ሥራ ተቋራጩም ተከፍሎት ይሄዳል። ስለሆነም ከኮንክሪቱ በፊት የሚደረገው ፍተሻ በተቋራጩ ሳይሆን በሌላ ወገን እንዲካሄድና የነዋሪዎች ተወካይም በቦታው እንዲገኝ ማድረግ ይቻላል። ቀኑ በሁለት ሳምንት ቢራዘም የሚጎዳ የለም።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ በእጃችን ያለ ሥራ አለ። የውኃው የዛሬ ሁኔታ ይመዝገብ። በማረፊያው ዙሪያ ካሉት የጉድጓድና የምንጭ ውኃዎች፣ ከሐይቆቹና ወደ አዋሽ ከሚወርዱት ወንዞች ናሙና ተወስዶ ነዳጁም፣ ክሮምየሙም፣ ፒፋሱም ተመርምሮ ውጤቱ ከመጀመሪያው ታንከር መሞላት በፊት በየቀበሌው ሰሌዳ ይለጠፍ። የአልበከርኪ ነዋሪዎች እንዲህ ያለ መዝገብ በእጃቸው ስላልነበረ ፍሰቱ መቼ እንደጀመረ እስከ ዛሬ በግምት ይነጋገራሉ። ናሙናው የሚወሰደው በበጋም በክረምትም ስለሆነ፣ የማኅበራቱ ተወካዮች ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ለማቅረብ የመጀመሪያው ታንከር እስኪቆም መጠበቅ የለባቸውም።